የሁዳዴ ክኒን

መርሳ ውስጥ እንደኔ ሆዷ የቀደማት ሴት አልነበረችም። ደሴ ያለው የመምህራን ማሠልጠኛ ሁለት ጊዜ ተቀብሎኝ ሁለቱንም ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ። ደንቡ እርጉዝ አትገባም ይላል፤ እኔ ደግሞ መስከረም በጠባ ቁጥር እርጉዝ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ወልድያ ስፈተን እንኳ የመጀመሪያዋ ልጄ ሆዴ ውስጥ ነበረች። ዴስኩ አላስጠጋኝ ስላለ በጎኔ ተቀምጬ፣ አንገቴን ጠምዝዤ ነው ፈተናውን የሠራሁት። አለፍኩ! ፈታኙ ሲያልፍ ሲያገድም በወረቀቴ ፈንታ ሆዴን ያይ ነበር፤ እዚያው እወልድበት መስሎት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ልጄ ደሴ በር ላይ መለሰኝ። ሦስተኛዋም መለሰችኝ። በሁለተኛው ጊዜ የምትመረምረኝ ሴትዮ ገና ስታየኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እህቴ፣ አሁንስ እኛም አፈርን» አለችኝ። «የሚመጣው መስከረም የመጨረሻሽ ነው። ያኔም እንዲህ ሆነሽ ከመጣሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል።» እሷ ሳቀች እንጂ እኔ ከደሴ እስከ መርሳ እያለቀስኩ ነው የተመለስኩት። አስተማሪ መሆን ምን ያህል እንደምፈልግ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ጠመኔ በሕልሜ ይመጣ ነበር።

ባሌ መካኒክ ነው። ውርጌሳ ላይ የተበላሸ መኪና ሁሉ ተጎትቶ እሱ ጋራዥ ነበር የሚመጣው። ልቡ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን ክዳን የለውም። ጠዋት የነገርኩትን ነገር ከሰዓት በኋላ ከሹፌር አፍ እሰማዋለሁ። ያን ዓመት ግን ሳልነግረው የማይሆን ነገር ገጠመኝ። ጥምቀት እንዳለፈ ወልድያ ሄጄ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ማምጣቴን እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? የመርሳ ጤና ጣቢያ ያልሄድኩት እዚያ ራስ ምታት ብለሽ ብትገቢ ከመውጣትሽ በፊት ጎረቤት ጠያቂ ይዞ ስለሚመጣ ነው።

ወልድያ ክኒኑን የሰጠችኝ ነርስ ወፈር ያለች፣ ስትስቅ ወንበሩ አብሯት የሚስቅ ሴት ነበረች። «በየቀኑ አንድ» አለችኝ። «ረሳሁ የለም፣ ደከመኝ የለም፣ እንግዳ መጣብኝ የለም። አቋርጠሽ ብታረግዢ በኔ እንዳትመጪ!» ማሸጊያውን በጡቴ ሥር ሸጉጬ በጭነት መኪና ጋቢና መርሳ ገባሁ። ማታውኑ ባሌን ለማንም እንዳይናገር በሚካኤል አስማልኩት። ማለ። ነገሩንም በራሱ መንገድ ተረዳው። «ገባኝ፣ ገባኝ» አለ፣ «ሞተር ማጥፊያ አይደለም። ፍሬን ነው።»

አማቴ ግን አላወቁም። አማቴ ከኛው ጋር ነበር የሚኖሩት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ግራና ከሚባል ገጠር ልጃቸው አምጥቷቸው ነው። እኔ ደሴ ከገባሁ ሦስቱን ልጆች የሚይዝልኝ ከእሳቸው በቀር ማንም የለም፤ ሠራተኛ የምንቀጥርበት አቅም አልነበረንም። እሳቸው ደግሞ የንስሐ አባታችን ሳይባርኩት ውኃ እንኳ የሚጠጡ ሴት አይደሉም። ስለዚህ ክኒኑን ከልጆቹ የጨርቅ ክምር ሥር ደብቄ፣ በየጠዋቱ ለሕፃኗ ጨርቅ የምፈልግ መስዬ፣ ጎንበስ ብዬ እውጥ ነበር። እንዲህ ሆኜ አንድ ወር አለፈኝ። ደስታዬ! ጠግቤ በልቼ የማላውቀውን ያህል በላሁ፤ ያለ ማቅለሽለሽ መብላት እንዲህ ይጣፍጣል ለካ።

ከዚያ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ።

ስብሰባው እንደ ልማዱ እሑድ ነበር። ያልመጣ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም ስለተባለ መርሳ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሁሉ መጥቷል። የንስሐ አባታችን መምሬ ከቅዳሴ ቀጥታ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሼኹ ናቸው፤ ሁለቱ በሐዘንም በሠርግም አብረው ስለሚቀመጡ በስብሰባም አይለያዩም። እኔና አማቴ ከሴቶቹ መሐል ነን፤ ባሌ ከኋላ ቆሟል። ከወልድያ የጤና ባለሙያ መጥታ ስለ ቤተሰብ ፕላን ታስተምራለች ተብሏል፤ መኪናዋ ግን መንገድ ላይ ዘግይታለች። ሊቀመንበራችን ደግሞ ሕዝብ ተሰብስቦ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚታገሥ ሰው አይደለም። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁን የሚሰፋው ንግግር ነው።

«ጓዶች!» ብሎ ተነሣ። «እስከ ዛሬ ለጤፍ ፕላን ነበረን። ለማሽላ ፕላን ነበረን። እነሆ ዛሬ አብዮታዊ መንግሥታችን ለቤተሰብም ፕላን አወጣ!»

ተጨበጨበ።

«ይህ ቀበሌ ከፕላን በታች ሠርቶ ያውቃል?»

«አያውቅም!»

«በቤተሰብስ ከፕላን በታች እንሠራለን?»

«አንሠራም!»

ያን ጊዜ ፕላን ሲባል አንድ ነገር ብቻ ነበር የምናውቀው። ፕላን የሚሞላ ነገር ነው። ጎበዝ የሆነ ከፕላን በላይ ይሠራል፤ ያልሞላ ደግሞ ተነሥቶ ራሱን ይሂሳል። ስለዚህ ሊቀመንበሩ መንግሥት በየቤቱ የልጅ ኮታ የጣለ መስሎት አረፈ፤ እኛም አብረነው መሰለን። «ኢምፔሪያሊስቶች ድሃ በዛ ይሉናል!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኛ ግን ሰው ሀብት ነው እንላለን! ዛሬ የተወለደ ነገ አምራች ነው! ነገ ወታደር ነው!» ወታደር ሲል ከእናቶች በኩል የነበረው ጭብጨባ ቀዝቀዝ አለ። ሊቀመንበሩ ግን አላስተዋለም።

ቀጥሎ ከመካከላችን የልጆቹን ቁጥር ራሱም በጥሪ ካልሆነ በስተቀር የማያውቀውን ከሰል ሻጭ ጠራው። ሰውየው ስሙን ሲሰማ ሊታሰር መስሎት እየተጎተተ ወጣ። «ይህ ጓድ» አለ ሊቀመንበሩ ትከሻውን ይዞ፣ «መመሪያው ሳይመጣ አስቀድሞ ከፕላን በላይ ያመረተ ኮከብ አባት ነው!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሚስቲቱ ከኔ ፊት ነበረች፤ «ያመረተው እሱ ነው እንዴ?» ብላ ስትቆጣ ሴቶቹ ሁሉ በነጠላችን ታፍነን ሳቅን።

መምሬ ደግሞ ፊታቸው በርቶ ተነሡ። አብዮቱ ከፈነዳ ጀምሮ ከሊቀመንበሩ ጋር በአንድ ነገር ሲስማሙ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። «ይህስ ለአዳምም የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ መንግሥታችን ዛሬ ደረሰበት» አሉ። ሼኹም ጢማቸውን እየዳበሱ «ሪዝቁ፣ ሲሳዩ፣ ከአላህ ነው፤ ይብዙልን!» ብለው መረቁ። እኔ ብቻ በላብ ተጠመቅኩ። ክኒን ዋጪዋ፣ የፕላኑ አሻጥረኛ፣ እዚያው መሐላቸው ተቀምጫለሁ እኮ!

ይህን ጊዜ በሩ ተከፍቶ ባለሙያዋ ገባች። ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ያችው የወልድያዋ ነርስ! ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ፤ አልፋኝ ሄደች። እግዜር ይስጣት። ጭብጨባው ለእሷ መስሏት እጅ ነሥታ ትምህርቷን ጀመረች። እናት ሰውነቷ እስኪጠገን፣ ልጅም ጡት ጠግቦ እስኪያድግ አራርቆ መውለድ ነው አለች። ክኒን አለ አለች፤ መርፌ አለ አለች። አዳራሹ ቀስ በቀስ ጭጭ አለ። ከሰል ሻጩ ሽልማቱን ሊነጠቅ እንደሆነ ገብቶት ሹልክ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሊቀመንበሩ እጁን አወጣ። «እህት ጓድ፣ ይቅርታሽን። ፕላን ሲቀንስ የት አገር ነው ያየሽው?»

«መቀነስ አይደለም ጓድ፤ ማራራቅ ነው።»

ሊቀመንበሩ ኮቱን አስተካከለ። ያን ሰው የማደንቀው በዚህ ነው፤ ሲገለበጥ አቧራ እንኳ አያስነሣም። «እንግዲያውስ ጓዶች!» አለና ጡጫውን ወደ ላይ ሰነዘረ፤ «ይህ ቀበሌ በማራራቅም ከፕላን በላይ ያራርቃል!»

አንዲት አሮጊት መበለት ከኋላ ብድግ አሉ። «እኔ ባሌ ከሞተ ጀምሮ አራርቄያለሁ፤ ስኳር ይጨመርልኛል?» ሲሉ ነርሷ ራሷ በሳቅ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቀረች። ሳቁ ጋብ ሲል ሊቀመንበሩ ማራራቅ የጀመረ ጓድ ካለ ለአርአያነት ይነሣ አለ። ማንም አልተነሣም። እኔ መሬቱን እያየሁ ሳለ ከኋላ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር! እኛ ቤት ፕላኑ ከጥምቀት ወዲህ ሥራ ላይ ውሏል!»

ባሌ! በሚካኤል የማለው ባሌ! ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። የሰው ሁሉ ዓይን ወደሱ ሲዞር ጭራሽ ሞቅ አለው። «ሞተሩ እንዳለ ነው!» አለ እጁን ዘርግቶ፤ «ምንም አልሆነም! ፍሬን ብቻ ነው የያዝነው!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ ልገልጸው አልችልም። ሼኹ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሹፌሮቹ ፉጨት ለቀቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መርሳን ሲያቋርጡ ጋራዡ ጋ ሲደርሱ ፍሬን ሳይረግጡ አያልፉም ነበር፤ ጎማ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ለኔ ሰላምታ መሆኑን አውቃለሁ። መምሬ ግን አልሳቁም። ዞር ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። አማቴ አጠገቤ ነበሩ፤ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጎትተው ተነሥተው ወጡ።

ቤት ስገባ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «ደሴ ስትሄጂ ልጆቹን ማን ሊይዝልሽ ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ እማማ።»

«መምሬ ይምጡና ይናገሩ» አሉ። «ኃጢአት ነው ካሉ እጄን አላስገባም። ግራና ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ፤ አንቺም ልጆችሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ።» ሌላ ቃል አልጨመሩም። ባሌን ያን ማታ ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። ዛሬም ሲያስታውሰው አንገቱን ይቀብራል።

እንግዲህ ዕጣዬ መምሬ እጅ ገባ ማለት ነው። እሳቸው አይሆንም ካሉ አማቴ ይሄዳሉ፤ አማቴ ከሄዱ ደሴ ቀረ፤ ሌላ ዕድል ደግሞ የለም። ሁዳዴ ገባ። መምሬ ግን አይመጡም። በየቀኑ በር በሩን እያየሁ፣ ክኒኔንም በየጠዋቱ እየዋጥኩ ከረምኩ። አጥር ለአጥር የምንዋሰነው እስላም ጎረቤቴ ብቻ ነበረች የምታጽናናኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ ኢንሻአላህ ይቀናሻል» ትለኛለች፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ እኛ በረመዳን ሌሊት ከሱሁር ጋር ብንውጠው ይሠራል?» ትለኛለች። ሲነጋ ወልድያ ሄዳ ይዛ መጣች! እኔ ፍርድ እየጠበቅኩ እሷ ጀመረች።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ መምሬ መጡ። አማቴ ተልባ ፍትፍትና ስልጆ አቀረቡ። በሉ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ባረኩ። እኔ ከምሰሶው ሥር ቆሜያለሁ። ባሌ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ቆቡን በእጁ ያዞራል። መምሬ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ጀመሩ።

«ልጄ፣ ያን ነገር ስንት ሰዓት ነው የምትውጪው?»

ለንስሐ ተዘጋጅቼ፣ ለቁጣም ተዘጋጅቼ፣ ለሰዓት ግን አልተዘጋጀሁም። «ጠዋት ነው መምሬ» አልኩ።

«ጠዋት!» ብለው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «በሁዳዴ? ቅዳሴ ሳይወጣ? በዘጠኝ ሰዓት ነው ጾም የሚፈታው እያልኩ ስንት ዓመት ሙሉ የማስተምረው ለማን ነው?» የሚያናድዳቸው ይህ ነበር ለካ! አማቴም በድንጋጤ ደረታቸውን መቱ፤ ምራታቸው በጾም ጠዋት ጠዋት መግደፏን ገና መስማታቸው ነው።

«ቅቤስ አለበት? ወተት?» አሉ መምሬ።

«ግራሶ የለበትም መምሬ፤ ደረቅ ነው» አለ ባሌ ከበሩ ሥር። ፍሬን ብሎ ያዋረደኝ አልበቃው ብሎ!

መምሬ አልሰሙትም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያስቡ ቆዩና ከፈቱት። ሲከፍቱት ነገሩ ሁሉ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። እኔም ምን ሊጠይቁኝ እንደሆነ ገባኝ።

«ቆይ እስቲ» አሉ በዝግታ። «በሁዳዴ ባልና ሚስት ምንጣፍ ይለያሉ። እንዲያ ነው ያስተማርኩት። ታዲያ ምንጣፍ ከለያችሁ፣ አንቺ በሁዳዴ ክኒን የምትውጪው ለምን ጉዳይ ነው?»

ወዮ ጉዴ! በሁለት በኩል ተያዝኩ። እንለያለን ብል ክኒኑ ምን ይሠራል ሊሉ ነው፤ ተዪው ሊሉኝ ነው፤ ከተውኩ ደግሞ ነርሷ እንዳለችው ነው፤ ሆዴ እንደገና መስከረምን ይቀድማል። አንለያይም ብል ጾም መሻሬን በአማቴ ፊት በአፌ መሰከርኩ። ባሌን አየሁት፤ ጣራውን ያያል። ያ አፈኛ ሰውዬ አፉ ተለጉሟል። የክዳኑን ሣር አንድ በአንድ የሚቆጥር ይመስል ጣራውን ብቻ ያያል። እንባዬ መጣ። ደሴን ተሰናበትኳት።

ይህን ጊዜ አማቴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«መምሬ» አሉ፣ «ይህ ልጄ መቼ ተወለደ?»

መምሬ ባሌን አዩት። «ግራና ሳለሁ ያጠመቅኩት እኔው አይደለሁ? ታኅሣሥ ነው። የገና ሰሞን።»

«እውነትዎን ነው። የእርስዎስ ትንሿ ልጅ?»

«ታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ነው የተወ...» አሉና አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«እስቲ ከታኅሣሥ ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ» አሉ አማቴ።

መምሬ መቁጠሪያቸውን አወጡ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ለጸሎት የሚቆጥሩበትን መቁጠሪያ አውጥተው ኅዳር፣ ጥቅምት፣ መስከረም እያሉ እንክብሉን አንድ በአንድ ያሳልፉ ጀመር። ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ ድረስ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። ግንቦት ላይ ቀነሰ። ሚያዝያ ላይ ጭራሽ አልተሰማም። ዘጠነኛዋን እንክብል በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆሙ። መጋቢት ከሁዳዴ የማያመልጥ ወር ነው፤ ይህን ደግሞ ከመርሳ እስከ ወልድያ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ የመምሬ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የተቆጡ መስሎኝ ልንበረከክ ስል ጥምጣማቸው ወደ ጆሯቸው ዘንበል አለ፤ ለካ ሳቅ ነው! አማቴም ሳቁ፤ ባሌም ከጣራው ወርዶ ሳቀ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። መምሬ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መስቀላቸውን አነሡ። «እግዚአብሔር ሁላችንንም ይፍታን» አሉ። ሁላችንንም ሲሉ ጠንከር አድርገው ነው ያሉት። «በይ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ዋጪ። የቀረውን እኔ ከፈጣሪ ጋር እነጋገርበታለሁ።» ሲወጡ በሩ ላይ ባሌን «አንተ ግን በሁዳዴ ፍሬንህን ጠበቅ አድርግ» አሉት።

ባሌ ሊሸኛቸው ወጣ። እኔ ሮጬ የአማቴን ጉልበት ሳምኩ። «ተነሺ፣ ተነሺ» አሉኝ፤ ገና እየሳቁ ነው። «እስቲ ያንን ነገር አሳዪኝ።»

ከጨርቁ ሥር አውጥቼ ሰጠኋቸው። ማሸጊያውን አገላበጡት። አንዷን ፈልቅቄ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። የምስር ፍሬ ታህላለች። ወደ ብርሃኑ ቀረብ አድርገው አዩዋት፤ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ።

«ይቺን ታህል ናት?»

«አዎ እማማ።»

«አሥራ አንድ ጊዜ አማጥኩ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመዳፋቸው ሳይነቅሉ። «ሰባቱን ቀበርኩ። አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ ይበቃሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይቺን ታህል!»

ክኒኗን መልሰው እጄ ላይ አደረጓትና ጣቶቼን በራሳቸው እጅ ጨብጠው ዘጉልኝ።

«ሂጂ» አሉኝ። «ልጆቹን እኔ አለሁላቸው። ሂጂና ተማሪ።»

መስከረም ላይ ሄድኩ።